ግሊሰሪን በሁዳዴ

ላሊበላ መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠርሙስ ሳጥብ ዋልኩ። ቀማሚው ጋሽ መኮንን ሰላምታዬን ሳልጨርስ ብሩሽ አቀበሉኝ። ሳይጠይቁኝ ብዙ መጽሐፍ ማንበቤን ነገርኳቸው።

"ደግ ነው። ከታች ጀምረህ እጠበው፤ ቆሻሻው የሚቀመጠው እዚያ ነው" አሉ።

እዚያው ከምንቀምማቸው ሁሉ ብዙ ገዢ የነበረው ፊት ላይ የሚቀባው ውሃ ነው። ጊዜው የደርግ ነበር፤ የውጭ አገር ቅባት ከደሴ ሱቆች እንኳ ጠፍቷል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ውሃችንን በስብሰባ ላይ "የቡርዥዋ ቅንጦት" ይሉታል፤ ባለቤታቸው ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ሊቀ መንበር የነቀፈውን መውደድ ስለሚቀናኝ ሥራውን በፍቅር ተማርኩት።

ውሃው ፈልቶ ይቀዘቅዛል፤ በማጣሪያ ወረቀት ይጠልላል። የጽጌረዳ ውሃ የሚገባው ለሽታ ብቻ ነው። ትንሽ አልኮል ወዙን ያነሳል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ግሊሰሪን የሚባለው ወፍራም ፈሳሽ ግን ዋናው ሠራተኛ ነው፤ ርጥበትን ቆዳ ላይ ይዞ ያቆያል። ሲያንስ የላስታ ነፋስ ፊት ይሰነጥቃል፤ ሲበዛ ፊት ይጣበቅና የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ልኩን በመስፈሪያው ብርጭቆ ሳልሳሳት መያዝ ስችል የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልደብቅም።

ገዢ ምን እንዳለበት ሲጠይቅ የጋሽ መኮንን መልስ አንድ ነበር፤ "መድኃኒት።" እኔ ይዘቱን በአማርኛ እንጻፍበት አልኩ።

"አብዛኛው ውሃ ነው ብለህ ጽፈህ ማን ይገዛሃል?"

"ውሃ መሆኑንማ ያዩታል እኮ።"

"ማየትና ማንበብ ይለያያል" አሉ። ሆኖም ፈቀዱልኝ።

እውነታቸውን ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለዩ ሴቶች በእጃቸው የገባውን ጽሑፍ ሁሉ የሚያነቡበት ወቅት ነው። ከነሱ አንዷ የቄስ ባለቤት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ጉንጫቸው በነፋስ ተሰንጥቆ ሲስቁ ይደማ ነበር፤ በእኛ ውሃ ድኗል። ለጎረቤቶቻቸው የነገሩልን እሳቸው ናቸው።

በሁዳዴ መጡና ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ይዘው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ግ... ሊ... ሰ... ሪን። ይሄ ደግሞ ማነው?"

"ርጥበት የሚይዘው ነው፣ እትዬ።"

"ከምን ይሠሩታል?"

"ከጥጥ ፍሬ ዘይትም ይሠራል፤ ከከብት ሞራም ይሠራል።"

"የኛውስ?"

ጋሽ መኮንን ከውስጥ "ከዘይት ነው፣ ወይዘሮ ብርቄ" አሉ። እኔ ግን ግሊሰሪኑ የመጣበትን ጣሳ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። "አይታወቅም" አልኩ።

"በጾም ራሴን ቅቤ የማልቀባ ሴት ፊቴን ሞራ ልቀባ?" ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ። የፊት ውሃችን መደርደሪያ ላይ ቀረ። "አንዲት ቃል መዋሸት አቅቶህ!" አሉ ጋሽ መኮንን። "ሴቶቹ ካልተመለሱ አንተም ወደመጣህበት ትመለሳለህ።"

ስለዚህ ግሊሰሪን የሚሠራውን የሚሠራ የጾም ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ተልባ ትዝ አለኝ። ሳልፈጨው ቀቀልኩት፤ በንጹሕ ሻሽ ሳጠልለው የሚያሟልጭ ውሃ ወጣው። ከልማዴ አልኮል ስጨምርበት እንደ እርጎ ቋጠረና ደፋሁት። ሁለተኛውን ያለ አልኮል ተውኩት፤ ቶሎ እንደሚበላሽ አውቄ በትንንሽ ጠርሙስ ሞላሁና ጻፍኩበት፦ ውሃ፣ ተልባ፣ የጽጌረዳ ውሃ። ሲሸት ይደፋ።

"'ሲሸት ይደፋ' ብሎ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት አይቼ አላውቅም" አሉ ጋሽ መኮንን።

የቅዳሜ ገበያ ዕለት እትዬ ብርቄን ከመንገድ ጠራኋቸው። ጉንጫቸው እንደገና መሰንጠቅ ጀምሯል። አነበቡ፤ "ተልባ" ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

"ተልባማ ቤቴ ሙሉ ነው። እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው?"

ጋሽ መኮንን ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥራዬን በአፌ እየሸኘሁ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ቢሆንም አቀቃቀሉንም አጠላለሉንም ነገርኳቸው። አመስግነው ሳይገዙ ሄዱ። ተልባ ቤታቸው ያላቸው ሴቶች ሁሉ ቀቀሉት፤ ከኛ የገዛ የለም ማለት ይቻላል። ጋሽ መኮንን እስከ ፋሲካ ታገሡኝ።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ብርቄ ሦስት ሴቶች አስከትለው መጡ። ሁሉም የልጆቻቸውን ሽሮፕ ይዘዋል፤ የተገዛው ከሌላ ቦታ ነው፤ ጽሑፉም በፈረንጅ ፊደል ነው። "ያ ልጅ የታለ? የማያውቀውን አላውቅም የሚለው" አሉ። "ይሄ ውስጥ ምን እንዳለ አንብብልን። ለኔ ደግሞ ያንን ግሊሰሪንህን ስጠኝ፤ ጾሙ ተፈቷል።"

ጋሽ መኮንን ወንበር ስበው ባንኮኒው ጋ አስቀመጡኝ። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ የሚያጥብ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ፦ በጠርሙሱ ያለውን ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ጻፉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። አንዳንዱ ሳይገዛ ይሄዳል።