ያላቆጠቆጠው የጫት ጉቶ

ጭሮ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ስቴም ሴልን የማስረዳው በጫት ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የገለምሶና የቦኬ ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ያረጀ ጫት ከሥሩ ሲቆረጥ እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ ለእነሱ መንገር አያስፈልግም። «ሰውነታችንም እንዲህ ያለ ጉቶ አለው» እላቸዋለሁ፤ «ደሙም ቆዳውም ሲያልቅ ከዚያ ይተካል። እርጅና የሚመጣው ጉቶው ራሱ ሲደክም ነው።» ደስ ብሎኝ ነበር የማስተምረው። አሁን ያ ምዕራፍ ሲደርስ ቶሎ ጨርሼው አልፋለሁ።

አከራዬ ዕድሜያቸውን በሱቅ ንግድ ያሳለፉ የስልጤ ሴት ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ ጫት አላቸው። እዚህ ተመድቤ በመጣሁ ሰሞን ወባ ሲጥለኝ ሾርባ ይዘው ከጎኔ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ከንፈራቸው እየነጣ፣ ከሱቅ እስከ ቤት መሄድ እያቃታቸው ሲመጣ ከልጃቸው ጋር ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ መቅኒያቸው ደም መሥራት እያቆመ እንደሆነ ነገረን። በዚህ ዕድሜ የሚያድን ነገር የለም፤ የሰው ደም እየወሰዱ መቆየት ብቻ ነው። ወሰዱ። ጉንጫቸው ቀላ፤ ከባጃጅ ሹፌሩ ጋር እንደ ድሮው ተጨቃጨቁ። እኛም ተመስገን አልን።

እንደገና ሲደክሙ ግን ሆስፒታል ሄጄ ደም አልወስድም ብለው አሻፈረኝ አሉ። በዚያው ሰሞን ልጃቸው የጓሮውን ጫት ከሥሩ ቆርጦት ነበር።

«የተቆረጠ ጫት አይነካካም» አሉን። «ትተወዋለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይበቅላል። የኔም ደም የሰነፈው የሰው ደም ስለለመደ ነው። ወላሂ ተዉኝ፣ አቆጠቁጣለሁ።»

ልጃቸው እናቱን ደፍሮ መናገር አልቻለም። እኔው በንዴት ነገርኳቸው።

«እማማ፣ የእርስዎ አያቆጠቁጥም። ደም የሚሠራው ሥሩ ራሱ ደክሟል። ዝም ብለን ከጠበቅን ይሞታሉ።»

ረጋ ብለው አዩኝ። «ባርሲሳ» አሉ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው፤ «አንተ ጫት ተክለህ ታውቃለህ?»

አላውቅም።

ዝናቡ መጣ። አንድ ጠዋት በግራና በቀኝ ደግፈን ወደ ጓሮ አወጣናቸው። ከየጉቶው ቀላ ያለ ለስላሳ ቀንበጥ ወጥቷል። «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ፊታቸው በራ፤ እኔም ለአንድ አፍታ ምናልባት እሳቸው ይሆናሉ ልክ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ፤ ሙሽራ ሆነው እዚያ ቤት ሲገቡ የተከሉት ጫት ያለው እዚያ ነው። ቀንበጥ የለውም። ጎንበስ ብለው ልጡን በጥፍራቸው ፋቁት። ውስጡ ደረቅ ነው።

«ይሄን ንቀለውና ለማገዶ አድርገው» አሉት ልጃቸውን።

አሁን ያምኑኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። «እንግዲያው ነገውኑ ሆስፒታል እንሂድ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ምን ልሆን?» አሉ። «ሥሩ ደክሟል ብለህ ነግረኸኝ የለ እንዴ? ይሄንን ውሃ ባጠጣው ይነሳል? ደም አትፈልጉልኝ።»

ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው።