መድኃኒቱ የሌለበት ግራፍ

በደርግ ዘመን ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብርሃ ጅራ ድረስ ግራፍ በመሥራት የሚደርስብኝ ሰው አልነበረም። መስመሬን ያየ ማስመሪያ ያፍር ነበር። ክብ ስሠራማ ጨረቃ ከደመና ወጥታ ከራሷ ጋር ታመሳክር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እርግጥ በዚያ ሁሉ ቆላ ግራፍ የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬም የአንድ ዓመት ሰሊጥ አጫጅን ያለ መድኃኒት ሊያስቀር ምንም አልቀረውም ነበር።

የጤና ጣቢያው መዝገብ ያዥ ነበርኩ። አለቃዬ ሽማግሌ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበሩ፤ አገሬው ግን «ዶክተር» ነበር የሚላቸው። የወባ ንዳድ የያዘውን ሰው ከሩቅ በአረማመዱ ይለዩታል። ነሐሴ ላይ የመድኃኒት ክፍሉን ከፍተው ካዩ በኋላ ጠሩኝ። ያለን የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኪን፣ ቢበዛ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። የሰሊጡ አጨዳ የሚጦፈው ግን በጥቅምት፤ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ የሚያድረው፣ ወባውም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። አውራጃው የዓመቱን ሪፖርት የሚሰማበት ስብሰባ ደርሶ ስለነበር እኔን ሊልኩኝ ወሰኑ።

«ወረቀት አቅርበህ መድኃኒት ይዘህ ትመጣለህ» አሉኝ። «ባዶ እጅህን ከመጣህ፣ በጥቅምት በሩ ላይ ቆመህ በሽተኛውን የምትመልሰው አንተ ነህ።»

አምስት ቀን ሙሉ ግራፍ ሠራሁ። የሦስት ዓመት በሽታ በሙሉ፣ ከወባ እስከ ዓይነ ማዝ፣ አንድ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። ለእያንዳንዱ በሽታ የራሱን ቀለም ሰጠሁት፤ ቀለም ሲያልቅብኝ ነጠብጣብ አደረግሁ፣ ነጠብጣብ ሲሰለቸኝ ሰረዝ። እንደ ፎቅ የቆሙትን ዓምዶች ጥላ አበጀሁላቸው። በአንዱ ጥግ ፂም ያላት የወባ ትንኝ ሣልኩ፤ ዙሪያውን ደግሞ በአበባ ሐረግ ከበብኩት። ድሬሰሩ አንገታቸውን አዘንብለው ብዙ አዩትና አልጋ ልብስ ነው ወይስ ሪፖርት ብለው ጠየቁኝ። ጥበብ አይገባቸውም ብዬ አዘንኩላቸው።

ስብሰባው ላይ ከእኔ በፊት ብዙ መሥሪያ ቤት አቀረበ። መሠረተ ትምህርቱ ሽቅብ የወጣ መስመር ሰቀለ፤ ተጨበጨበለት። የገበሬዎች ማኅበራቱ ከዚያ የባሰ ሽቅብ የወጣ ሰቀሉ፤ የባሰ ተጨበጨበላቸው። እኔም የእኔን ሰቀልኩ። ከሁሉም በላይ የወባው ቀይ ዓምድ ጣራውን ሊበሳ ደርሷል። አፌን ሳልከፍት ስብሰባውን የሚመሩት ጓድ ሊቀመንበር ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አዳራሹም ተከተላቸው።

«የመተማ ጓዶች በሦስት ዓመት እዚህ ከደረሱ፣ ሌሎቻችሁም ከእነሱ ተማሩ» አሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? እጅ ነሣሁ። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፤ አንጀት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያባብለው። የወባውን ዓምድ የሥራ ውጤት አድርገው እንዳዩት የገባኝ ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። እጄን ባወጣ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። በዚያ ላይ ጓድ ሊቀመንበሩ፣ መተማ ራሱን ስለቻለ ድጋፉ ወደ ደካሞቹ ይዙር ብለው አስመዘገቡ።

በምሳ ሰዓት ከአዳራሹ ውጭ ግራፌን ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከመተማ ያመጡኝ የሎሪ ሾፌር፣ ጀለቢያ የለበሱ ትልቅ ሰው፣ ሆዴን ያመመኝ መስሏቸው መጡ። የሆነውን ስነግራቸው እስቲ ዘርጋው አሉኝ። ዘረጋሁት። በጣታቸው ከትንኟ ፂም ጀምረው ሐረጉን ዞሩት።

«መድኃኒቱ የት አለ?» አሉኝ።

ፈለግሁ። የለም። በሽታ ሁሉ አለ፣ አበባ አለ፤ የተላክሁበት መድኃኒት ግን የትም የለም።

«እኔ ናፍጣ ሲያልቅብኝ ሎሪዬን አጥቤ፣ ባንዲራ ሰክቼ ማደያ ብሄድ እንዴት ያማረ መኪና ነው ብለው ይሸኙኛል እንጂ ማን ይቀዳልኛል? አንተ ልጅ፣ የጎደለውን አሳይ።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ ነው። ከታች ወራቱን ጻፍኩ። የበሽተኛውን ቁጥር ይዤው ከመጣሁት ያለፉት ዓመታት መዝገብ ወስጄ ሽቅብ በሚወጣ ቀይ መስመር፣ የቀረንን መድኃኒት ቁልቁል በሚወርድ ጥቁር መስመር ሠራሁ። ሁለቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ተላለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክፍተት በእርሳስ አጠቆርኩት። እጄ ትንኝ ልትሥል ስትቁነጠነጥ ሾፌሩ እርሳሱን ቀሙኝ። ርዕሱንም «የዓመቱ የጤና አገልግሎት ክንውን መግለጫ» ማለቱን ትቼ በትልቁ፦ «ከመስከረም በኋላ መድኃኒት የለም» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ሲደርሱ፣ ሁለት ደቂቃ ለምኜ ሰቀልኩት። ከኋላ የነበሩት እንደ ልማዳቸው ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሡና አየር ላይ ቀረ። ጓድ ሊቀመንበሩ ተነሥተው መጡ። መስመሮቹ የተላለፉበት ላይ ጣታቸውን አኑረው ቀስ ብለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ጥቁሩ ገቡ።

«ጓድ፣ ከዚህ ወዲያ ያሉት ሰዎች ምንድን ነው የሚውጡት?»

«ውሃ» አልኳቸው።

የሳቀ የለም። የንብረት ኃላፊው እዚያው ተጠራ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረቀቱ ተፈርሞ ካርቶኑ ሎሪው ላይ ተጫነ። በማግስቱ ከካርቶኖቹ አናት ላይ ተቀምጬ መተማ ስገባ ንጉሥ እንኳ እንደዚያ ገብቶ አያውቅም፤ ጭቃው ራሱ መንገድ ለቆልኛል። ድሬሰሩ ካርቶኑን ከፍተው አሸተቱና «በል አሁን ሰው ሆንክ» አሉኝ። በዚያ አጨዳ ከጤና ጣቢያችን ክኒን አጥቶ የተመለሰ አንድ ሰው የለም። ይህን ሳላጋንን ነው የምናገረው።

ከዚያ መድኃኒት መጀመሪያ የዋጥኩት ግን እኔ ነኝ። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ንዳድ አንዘፈዘፈኝ። ለመተማ ስመደብ የአልጋ አጎበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ ድንበሩን ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻግሬ በሸሚዝ ለወጥኩት። አውራጃው ፊት ቆሜ ስለ ወባ ያስረዳሁት ያንን ሸሚዝ ለብሼ ነው።