አንድ ጊዜ የተጠየቀ ድልድይ

በነገሩ ውስጥ ያለን ሰዎች አምስት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ከጅጋ ወጣ ብሎ የማርስ ገበሬ። ፊደል የለየሁት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ ስለሚቀደድ ብዙ ወሬ ጀምሬ መጨረሻውን አላውቀውም። ሁለተኛዋ ባሕር ዳር ስታትስቲክስ ተምራ የተመለሰች ልጄ ናት። ሦስተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀመንበርነት የተወዳደረ። አራተኛው ያኔ ከቦታው አልነሣ ያለው የቀድሞው ሊቀመንበር ነው። አምስተኛዋ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ናቸው። የማኅበሩ መጋዘን ከወንዙ ወዲህ ስለሆነ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ውሃውን በእግራቸው ይሻገራሉ።

ምርጫው ሲቃረብ የባለቤቴ ወንድም ንግግሩን አነበበልን። ስለ መተዳደሪያ ደንብ መሻሻል ነበር። ከብቶቹ ከግጦሽ ሲገቡ እሱ ገና የንግግሩ መግቢያ ላይ ነበር። ልጄ ስትሰማ ቆይታ፣

«አጎቴ፣ ይኼን ማን ጠየቀዎት?» አለችው።

«እውነት ነው እኮ!»

«እውነትነቱን መቼ ካድሁ? መጀመሪያ ሰው ይጠየቃል። ከዚያ ብዙው ያለውን አሳጥረው መልሰው ይነግሩታል።»

«በዚህ ዕድሜዬ የሰው አፍ ልደግም?»

«ማሸነፍ ከፈለጉ።»

ፈለገ።

እኔ ሰው የሚያምንበትን ይናገር የምል ነኝ። ልጆቼንም ያሳደግሁት እንዲያ ነው። ቢሆንም ውሻ እንዳይነክሳት ብዬ አብሬያት ዞርሁ። «አባባ፣ እርስዎ ግን እንዳይናገሩ፤ መልሱ ይበላሻል» አለችኝ። አልተናገርሁም። አራት ቤት እየዘለለች አምስተኛውን ትጠይቃለች፤ ትምህርቱ እንዲህ ነው አለች። የተዘለሉት ቤቶች እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው ነው።

ባልቴቷ ቤት ስንደርስ ተነሥተው ተቀበሉን፣ አጎዛ አነጠፉልን። ልጄ ስልኳን አውጥታ ጀመረች።

«እማማ፣ ትልቁ ችግርዎ ምንድን ነው?»

«ምን ችግር አለ ልጄ፣ ተመስገን ነው።»

«ከማዳበሪያ፣ ከወፍጮና ከድልድይ የቱን ያስቀድማሉ?»

«ድልድይ ነዋ።»

«የት ቢሠራ ይሻላል?»

«እናንተ በወደዳችሁበት።»

ልጄ የተባለችውን ስልኳ ላይ ነካ ነካ አድርጋ መዘገበች። ባልቴቷ ጠላ ቀዱላት።

«አልጠጣም እማማ።»

«በሞቴ!»

«አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁ።»

«አፈር ስሆን! ቤቴን ንቀሽው ነው?»

ሦስተኛው ላይ ተቀብላ ጠጣች። ጠላ እንኳ በሦስተኛው የሚጠጣበት አገር ውስጥ ጥያቄዋን አንድ ጊዜ ጠይቃ አጠፈችው። እኔ እንዳልናገር ተነግሮኛል።

ከማዶ ያሉት ሁሉ እንደዚሁ መለሱ፤ ድልድይ፣ ቦታው እናንተ በወደዳችሁበት። ልጄ ደስ አላት። ለአጎቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ሰጠችው፦ «ድልድዩ ከክረምት በፊት ይሠራል።» ደንብ የሚባል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ አስማለችው።

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሊቀመንበሩ የዓመታት ሥራውን ዘረዘረ። የባለቤቴ ወንድም ተነሥቶ ዓረፍተ ነገሩን ተናገረና ተቀመጠ። የማዶ ሰው እጅ በሙሉ ወጣ። አሸነፈ።

ቃሉንም ጠበቀ፤ ይኼን ልመስክርለት። የማኅበሩን ካዝና አራግፎ ድልድዩን ከክረምት በፊት ሠራ። የሠራው ታች፣ አንድ የግል ወፍጮ አጠገብ ነው። ወንዙ እዚያ ጠበብ ይላል፤ በልጄ ጥያቄ መሠረት ደግሞ ሕዝቡ በቦታው ላይ ምርጫ የለውም።

ክረምቱ ገባ። በድልድዩ ላይ የወፍጮው ባለቤት አህያ ትሻገራለች። የማዶ ሰው ግን በእግሩ የለመደውን ላይኛውን መሻገሪያ አልተወም። ወደ ታች ለመውረድ ረግረጉን መዞር አለበት፤ ከነሸክም የማይታሰብ ነው። የቀድሞው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «እኔ ባልሠራም ገንዘቡ ነበረ» ብሎኝ አለፈ።

በዚያው ሰሞን ባልቴቷ ላይኛው መሻገሪያ ላይ እግራቸው ከዳቸው። እሳቸው ቅርንጫፍ ይዘው ወጡ፣ ማዳበሪያው ከነጆንያው ሄደ። የዓመት አዝመራቸው በዚያ ጆንያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ልጄና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን።

«ድልድዩስ እማማ?» አለች ልጄ።

«ድልድዩማ ሲያምር!»

«ታዲያ ለምን አልሄዱበትም?»

«ሩቅ ነው ልጄ።»

«የት ይሠራ ብዬ ጠይቄዎት አልነበር?»

«ጠይቀሻል፣ አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ የጠየቀን ሰው እኔ ቤቴ በር ላይ ይሁን ብዬ አፌን ልክፈትበት? ደግመሽ ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ይኼን ያውቁ ነበር?»

«አትናገር ብለሽኛል» አልኋት።

በማግስቱ ማዶ ተሻግራ የዘለለቻቸውን ቤቶች ጨምራ ዞረች። እያንዳንዱን ሰው በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለች ሦስት ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ሲመሽ መጣች፤ ድምፅዋ ዘግቷል፣ ጠላውም ትንሽ ይዟታል። መልሱ አንድ ነበር፤ ላይኛው መሻገሪያ።

ክረምቱ እንደወጣ ጉባኤ ተጠራ። የባለቤቴ ወንድም ተነሥቶ፣ «ሁለተኛው ድልድይ ላይኛው መሻገሪያ ላይ ይሁን?» አለ።

«አንተ በወደድኸው!» አለ ሕዝቡ።

ዘወር ብሎ ልጄን አያት። ልጄ ገና ነው ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«በሞቴ!» አለ አዲሱ ሊቀመንበር።

«ኧረ እንዳልህ!»

«አፈር ስሆን!»

«እንግዲያው ላይኛው!» አሉ ባልቴቷ ከሁሉ ቀድመው። የማዶ ሰው ተከተላቸው።

ካዝናው ባዶ ስለነበር መዋጮው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በየቤቱ ተደለደለ። ወዲህ ያለውም ማዶ ያለውም፣ የተጠየቀውም የተዘለለውም እኩል ከፈለ፤ ከየቤቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድና የሦስት ቀን ጉልበት።