ወንድሜ «ለጊዜው» ያለው ፎልደር

ታናሽ ወንድሜ በሞተ በሳምንቱ ከኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ «ለእማዬ» የሚል ፎልደር አገኘሁ። ውስጡ የድምፅ ቅጂዎች ነበሩ፤ ለእናታችን የተናገራቸው፣ ግን ያልላካቸው። ለምን እንዳልላካቸው ዛሬም አላውቅም። እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ ወዲያው ድሬዳዋ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። «ለአርባው አሰማኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ችግሩ ቅጂዎቹ በተለመደው ማጫወቻ አይከፈቱም። ከአገር ወጥተን የምንኖርበት ሰፈር፣ የካርቲየ 7 ቢስ፣ ኔትወርክ ረጅም ድምፅ ስለማያሳልፍ፣ ወንድሜ ድምፅ የሚጨምቅና መልሶ የሚፈታ ፕሮግራም ራሱ ጽፎ ነበር። ኮምፒውተሩን ሙቀት ሲያቃጥለው ዲስኩም ከፊሉ ተበላሸ፤ ኮዱ ሲተርፍ ፕሮግራሙ አልተረፈም። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ደግሞ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፓይለሩን ራሱን ከምንጭ ኮዱ መገንባት ነበረብኝ። እኔ ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ኮምፒውተር እጠግናለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም።

ሦስት አርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ከተማው ምሳውን በልቶ ለጫት ሲቀመጥ፣ እኔ ማራገቢያው ቬንቲላተር ፊት ላቤን እያንጠባጠብኩ ከስክሪን ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ግንባታው መሐል ላይ ይቆማል። ኋላ እንደገባኝ፣ ኮምፓይለሩ የሚደገፍበት የሂሳብ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ፣ ሁለት ቦታ ነበር፤ አዲሱ እኔ የጫንኩት፣ አሮጌው ወንድሜ ያስቀመጠው። ግንባታው ዝርዝሩን ከአዲሱ ያነብና ዕቃውን ከአሮጌው ያነሳል። ወደቡ ላይ እንደሚያጋጥመን፣ ሰነዱ ሌላ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ሌላ። አንዱ መወገድ ነበረበት።

አሮጌው የተቀመጠበትን ፎልደር ወንድሜ «ለጊዜው» ብሎ ሰይሞታል። በእኛ ሙያ እንዲህ የሚባል ፎልደር የሚጣል ነው። ሌላ ምን እንዳለበት ሳላይ እንዳለ ደመሰስኩት። ቅጂ አልያዝኩም፤ ግንባታውንም የምሠራው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

የኮምፓይለሩ ግንባታ ያለ አንዲት ስህተት አለቀ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ የወንድሜን ፕሮግራም ልገነባ ስል ሌላ ላይብረሪ ጠየቀኝ፤ ድምፁን የሚፈታውን። ከኢንተርኔት አውርጄ ሰጠሁትና ተቀበለኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ስከፍት ግን የወጣው ሽንኩርት ትኩስ ዘይት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። ኮዱን መስመር በመስመር ሳነብ አንድ ማስታወሻ አገኘሁ፦ «የድምፁን ላይብረሪ በእጄ ቀይሬዋለሁ፤ ሌላው አይሠራም። ‹ለጊዜው› ውስጥ ነው።»

እዚህ ከተማ ያለን ሐበሾች ሁላችንም ለጊዜው ነን። ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት የኖረበትን ክፍል፣ አልጋውን፣ ሥራውን ሁሉ «ለጊዜው ነው» ይል ነበር። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ይህን እያወቅኩ፣ የገዛ ወንድሜን ቃል እንደ ፈረንጅ አነበብኩት። በራሴ ላይ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ዲስኩን እዚሁ ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሁለት ቀን ሞክሮ «ኤክራዜ» አለኝ፤ በላዩ ሌላ ነገር ተጽፎበታል ማለቱ ነው። የተጻፈበት የእኔው ኮምፓይለር ነበር።

በአርባው ዕለት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወልኩ። አንዱን ቅጂ ከፈትኩላት። ርዝመቱ አልጠፋም፤ እሱ በተናገረበት ይንጣጣል፣ እሱ ዝም ባለበት ዝም ይላል። እስኪያልቅ ድረስ ሰማችው።

«ይሄን ሁሉ ለእኔ ነው ያወራው?» አለችኝ። «ስደውልለት እኮ ‹ደህና ነኝ› ብሎ ነበር የሚዘጋው።»

«አዎ እማዬ፣ ላንቺ ነው።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«አይለይም። ማሽኑ አበላሸው» አልኳት።

እያለቀሰች መሆኗ ይሰማኛል። «ማሽን ምን ያውቃል፣ ልጄ» አለች። «አንተ ለወንድምህ ለፍተሃል። ተባረክ፣ እጅህ አይንጠፍ።»

«አሜን» አልኳት።