ሰማንያ ስምንት ላይ የወጣው ድምፄ

ከዓረብ አገር ስመለስ ከአባቴ ጋር የምንነጋገረው ነገር አልነበረንም። «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ «አልሃምዱሊላህ» እለዋለሁ፣ አለቀ። ቤት ቁጭ ማለት ስለማልችል ከሐይቅ ውጫሌ በሚመላለሰው ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ እየተቀመጥኩ አብሬው እውል ነበር። መንገድ ላይም አይናገርም። ዓይኑ አስፋልቱ ላይ፣ ጆሮው ቴፑ ላይ ነው።

ልነግረው የምፈልገው ነገር ነበረኝ። በሁለተኛው ዓመት ደውዬ «ልምጣ፣ አልቻልኩም» ስለው «ትንሽ ታገሺ» ብሎኝ ነበር። ታገስኩ። ሦስት ዓመት። መዳሟ ስልኬን ቀምታኝ ስለነበር ልጆቿ በጣሉት፣ ድምፅም በሚቀዳ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ልብስ የምተኩስበትን ክፍል ዘግቼ፣ ለአባቴ ድምፄን እቀዳ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጬ ይህን ልነግረው አልችልም፤ ወይ እጮኻለሁ ወይ ተነስቼ እሄዳለሁ። ቴፕ ግን ይሰማል። በቴፑ ላሰማው ወሰንኩ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። መኪናው ከጃፓን ይዞት የመጣው ቴፕ ገመድ መሰኪያ ቀዳዳ የለውም፤ የካሴቱ አፍ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ የማጫወቻውን ድምፅ ወደ ሬዲዮ የሚልክ ትንሽ ዕቃ ከደሴ ገዛሁ። ኤፍ ኤም መቶ ላይ አስተካከልኩት። ሬዲዮውን ወደ መቶ ባዞረው ባዞረው ዘጠና ላይ ይቆማል። ሐይቅ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሳቀብኝ።

«የጃፓን ሬዲዮ እኮ ነው፣ ከዘጠና አያልፍም። አምስት ዓመት ዓረብ አገር ኖረሽ ይቺ ጠፋችሽ? ሰማንያ ስምንት ላይ አድርጊው፤ ሁሉም ሾፌር እዚያው ላይ ነው።»

የመጨረሻውን ነገር ልብ አላልኩትም።

ውጫሌ መናኸሪያ ተራ ስንጠብቅ አባቴ አጠገባችን የቆመው ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ከሾፌሩ ከጓደኛው ጋር ጫት ይዞ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ሳላሰማው በፊት ድምፁ መጥራቱን ልሞክር ብዬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ቴፑን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት።

«አባየ፣ ታገሺ አትበለኝ» ትላለች የዚያን ጊዜዋ እኔ። «እጄ በበረኪና ተልጦ ማንኪያ መያዝ አቅቶኛል። ነይ በለኝ። አንድ ቃል ናት፣ ነይ በለኝ።»

ድምፄ ከውጭም መጣ፣ ያውም ጮክ ብሎ። መስኮቴን አወረድኩ። የአባቴ ጓደኛም ሬዲዮ ሰማንያ ስምንት ላይ ነው፤ ፍላሹን ነቅሎት ባዶውን ይንሿሿ ነበርና ሰተት ብዬ ገብቼበታለሁ።

«የምን ጣቢያ ነው ይሄ?» አለ ሾፌሩ።

«ድራማ ነው መሰለኝ፣ ጨምረው እስቲ» አለው ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

«ያ አላህ! አንጀቴን በላችው ወላሂ» አለች አንዲት ሴትዮ። «አባት ተብዬው ግን ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?»

መዝጋት እችል ነበር። ጣቴ ማጫወቻው ላይ ነበር። አልዘጋሁትም። አባቴን አየሁት፤ ጫቱን ማላመጥ አቁሟል። ሾፌሩ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ አባቴ ያዘው።

«ተወው፣ ትጨርስ።»

ልጄ ናት አላለም።

ድምፄ አለቀ። ተራችን ደረሰና ተሳፋሪ ሞልተን ወጣን። ሐይቁ ሊታይ ትንሽ ሲቀረን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ከኋላ ያሉት እንዳይሰሙ ቀስ ብሎ፣

«ሌላም አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ብዙ ነው?»

«ሦስት ዓመት ነው እኮ አባየ።»

ማርሽ ቀየረ። «እሱን ሰው በሌለበት ታሰሚኛለሽ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጫወቻውን ቻርጅ አድርጌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምወጣው። ሚኒባሱ ግን ጠዋትም ሙሉ ነው፣ ከሰዓትም ሙሉ ነው። ሰው ከሌለም አንድ የሚያውቀው ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ያሳፍራል፤ እኔንም «ወደ ኋላ እለፊ፣ ጋቢናውን ልቀቂላቸው» ይለኛል።

ዓርብ ዓርብ ብቻ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አባቴ መኪናውን ሐይቁ ዳር ወስዶ ብቻውን ያጥባል። ሳይነግረኝ ነው የሚሄደው።