«መጣሁ» ስንት ደቂቃ ነው?

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ ማርከር «መጣ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣ ነገር አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ያኔ መቶ ሃያ ጥንድ የተማሪ ጫማ ማስቲሽ ተቀብቶ፣ የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ እንደተወጠረ፣ የሚለጠፍበት ሶል አጥቶ ቆሞ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያ ቀኔ ልነሳ።

ለቡ ያለው ጫማ ፋብሪካ የተቀጠርኩት በተመረቅኩ በዓመቱ ነው። የሥራ መደቤ «ጀማሪ የምርት ዕቅድ ባለሙያ» ይላል። የምርት ኃላፊው አቶ ዳንኤል በመጀመሪያው ጠዋት ከማንም በፊት ወደ ስቶር ወሰዱኝ። ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። በመሃሉ ስቶር ኪፐሩ ጋሽ ቶሎሳ፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው። አልሰሙኝም። ደግሜ አልኩ።

«ልጄ፣ ድምፅሽንም ስቶር ነው እንዴ ያስገባሽው?» አሉኝ። «ወረቀት አምጪና ወጪ ላድርግልሽ።»

አቶ ዳንኤል ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ አቶ ዳንኤል አንዱን ካርቶን ከፍተው ሶል አወጡና ለሁለት አጠፉት። ተሰነጠቀ። «ሦስት ዓመት እዚህ ተቀምጧል» አሉኝ። «ከሥሩ ያሉት ሁሉ እንዲህ ናቸው። አንቺ የተቀጠርሽው ይሄን ክፍል ባዶ እንድታደርጊው ነው።» ጋሽ ቶሎሳ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው መልሰው ሰኩት።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሶሉን የሚያመርተው ሌላ ድርጅት መካኒሳ ነው። ድሮ የወሩን በአንዴ ያመጣልን ነበር። በአዲሱ አሠራር እያንዳንዱ ካርቶን ላይ አንድ ካርድ ይታሰራል። የሶል ማጣበቂያው መስመር ካርቶኑን ሲከፍት ካርዱ ተፈትቶ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። የእነሱ ሾፌር በቀን አራት ጊዜ እየመጣ ካርዶቹን ይወስዳል፤ መካኒሳ ያሉት በካርዱ ልክ ብቻ ሠርተው ይልካሉ። ካርድ የሌለው ሶል አይሠራም፣ አይጫንም፣ አይገባም። ሶሉ ስቶር ውስጥ አያድርም፤ በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለገው ልክ ይደርሳል። ሶሉ እንከን ካለበትም ከአንድ ካርቶን በኋላ ይታወቃል እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ አይሰነጠቅም።

አቶ ዳንኤል በአንዱ መስመር ላይ ለስድስት ወር ሙከራ ፈቀዱ። ደብዳቤም ጻፉ፦ ከካርድ ውጪ ሶል ያስቀመጠ ሠራተኛ እስከ ስንብት የሚደርስ እርምጃ ይወሰድበታል። ጋሽ ቶሎሳ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብበው ፈረሙ።

የእኔ ድርሻ ሰሌዳው ነበር። ለሾፌሩ ለብሩክ እደውልለታለሁ፤ ሲመጣ «መጣ» ብዬ ሰዓቱን እጽፋለሁ። የመስመሩ ኃላፊ እታለም «መጣ» የሚለውን ስታይ ማስቲሽ ታስቀባለች። ማስቲሽ ተቀብቶ ብዙ አይቆይም፤ ከደረቀ ሶሉን አይዝም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ለእርሷ ትእዛዝ ነው።

አምስት ወር ሙሉ መስመሩ አንድም ቀን አልቆመም። አቶ ዳንኤል በክፍል ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ውጤቱን እንዳቀርብ አደረጉኝ። አቀረብኩ፤ አጨበጨቡልኝ። የዚያን ቀን ከለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ተሳፍሬ ስሄድ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ጋሽ ቶሎሳ የጎረቤታቸው ቀብር ነበርና የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደዋል። ለብሩክ ደወልኩ።

«ብሩክ፣ ደህና አደርክ? ምን ላይ ነህ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» ብሎ ዘጋው።

ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚለው። የት እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ ያሳፍረኛል፤ ሰውየውን ያላመንኩት ያስመስልብኛል። ቢሮዬ ፎቅ ላይ ነው፤ ወርጄም አላየሁም። «መጣ» ብዬ ጻፍኩ።

አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እታለም ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ፎቅ ወጣች።

«እመት ፕላን! መጣ ያልሽው ሰውዬ የታለ?»

«በር ላይ ይሆናላ።»

«በር ላይ ያለው ጥበቃው ነው። ጥበቃውን ልለጥፈው?»

እያየችኝ ደወልኩ። ብሩክ አነሳና «መጣሁ አልኩሽ እኮ!» አለ።

«የት ነህ?» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩት።

«መካኒሳ።»

«መካኒሳ የት?»

«ግቢ ውስጥ ነኛ። እየጫንኩ ነው። ጨረስኩ በቃ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። እኔም እናቴ ስትጠራኝ አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ «መጣሁ» እላለሁ። ታክሲ ስጠብቅ ለጓደኛዬ «መጣሁ» እላታለሁ። ቃሉን ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ስናገረው ኖሬ፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ግን ሌላ ትርጉም ሰጠሁት። አምስት ወር!

እታለም ተነፈሰች። «ሌላ ጊዜ እንኳ ጋሽ ቶሎሳ ያወጡልን ነበር» አለች።

«ከየት?»

ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

«እታለም፣ ከየት ነው የሚያወጡት? ስቶሩ ባዶ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ ደረጃውን ወረደች።

መቶ ሃያውም ጥንድ ደረቀ። ሴቶቹ የምሳ ሰዓታቸውን ትተው በቲነርና በጨርቅ አንድ በአንድ አጸዱት። እኔም ጨርቅ ይዤ አብሬ ተቀመጥኩ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ በስምንት ሰዓት ከቀብር መጡ፤ ጋቢያቸውን አላወለቁም። ከመጠየቄ በፊት ፊቴን አዩና ቁልፋቸውን አወጡ። በስተኋላ፣ የአሮጌ ፎርማዎቹ መደርደሪያ ጀርባ፣ ሸራ ገለጡ። አሥራ አንድ ካርቶን ሶል፣ በቁጥር በቁጥሩ ተለይቶ ተቀምጧል። የአንዱ ካርቶን ክዳን ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ጭረቶች አሉ።

«ይሄ ምንድነው ጋሼ?»

«ካርቶኖቹን ካርዱ ሲጀመር አስቀርቻቸው ነው። ጭረቱ አንቺ መጣ ብለሽ ጽፈሽ፣ ሰውየው ሳይመጣ ያወጣሁበት ነው። ሲመጣ እተካዋለሁ።»

የቀኑ መጨረሻ ቆጠራዬ ሁሌም ልክ የሚመጣው ለካ ለዚህ ነው። ጭረቶቹን ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያጨበጨቡልኝ ለዚህ ካርቶን ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንዴ ልነግርሽ ፎቅ ወጣሁ» አሉ። «ለስብሰባው ወረቀት እያዘጋጀሽ ነበር። ደስ ብሎሻል። አፍረሽ ሥራሽን ትተዪዋለሽ ብዬ ተመለስኩ።» ሸራውን መልሰው አስተካከሉት። «ደግሞ ይሄ ግቢ የአባቴ እርሻ ነበር። ጎተራ ባዶ አድርጎ ክረምት የሚገባ ገበሬ አላየሁም። ፊርማዬን ፈረምኩ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።»

በአሥር ሰዓት አቶ ዳንኤል አስጠሩኝ። ስለ ካርቶኖቹ አያውቁም።

«አምስት ወር ያልቆመ መስመር ዛሬ ለምን ቆመ?»

ድምፄ አልወጣም።

«ነገ ጠዋት ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን። ሾፌሩ ከሆነ ሾፌሩ፣ ስቶር ከሆነ ስቶር። ስም እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ቶሎሳ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አንድ ዓመት ከምናምን ነው። ሪፖርቱን «አቅራቢው ዘግይቷል» ብዬ በአንድ መስመር መጨረስ እችል ነበር። እውነትም ነው። ግን ካርቶኖቹን ትቼ ብጽፍ፣ አሠራሩ የሠራ መስሎ ወደ ሌሎቹ ሦስት መስመሮች ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ሸራ የሚገልጥ ሰው የለም። ካርቶኖቹን ብጽፍ፣ ለእኔ ሲሉ የደበቁትን ሰው በእጄ አስባርራለሁ።

ወርጄ ነገርኳቸው። ካርድ እየቆጠሩ ነበር።

«ጻፊው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ብቻ ካርቶኖቹ አቧራ እንዳልነካቸው ጻፊ። ሶል አላበላሸሁም።»

ጻፍኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ያልመጣውን ዕቃ ስልሳ ሁለት ጊዜ መጣ ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ» የሚል ነው። ከሥሩ አሥራ አንዱ ካርቶን፣ ስልሳ አንዱ ጭረት፣ መቶ ሃያው ጥንድ። አቧራ እንዳልነካቸውም ጻፍኩ። ጋሽ ቶሎሳ ያወጡበት እያንዳንዱ ጭረት እኔ መመዝገብ የነበረብኝ መዘግየት መሆኑንም ጻፍኩ። ከመውጣቴ በፊት ፈርሜበት አቶ ዳንኤል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በተከታዩ ሳምንት ለእኔም ለጋሽ ቶሎሳም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፤ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቃል ያለው። አሥራ አንዱ ካርቶን ካርድ ታስሮለት በግልጽ ቦታ እንዲቀመጥ ተወሰነ። አንድ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም እናያለን፤ ለምን እንደተነሳም እንጠይቃለን። መዘግየቱ ሲቀንስ ካርቶኑም ቀነሰ። ጋሽ ቶሎሳ በጊዜያቸው፣ በወጉ ተሸኝተው ጡረታ ወጡ።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው። ስቶር ባዶ መሆኑ ዕቃ በሰዓቱ እየደረሰ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። መኪናው የተነሳበትንና የደረሰበትን ሰዓት አይቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ሪፖርቱን ባስቀመጥኩ ማግስት፣ አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መካኒሳ፣ የሶል አምራቹ በር ላይ ቆሜ ነበር። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላውቅም። ብሩክ አየኝና ደነገጠ።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። አብሬህ ልሄድ ነው።»

የመጫኛው በር ሲከፈት ጻፍኩ። የመጨረሻው ካርቶን ሲገባ ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ተነሳን፤ «ተነሳ» ብዬ ጻፍኩ። ጀርመን አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ላይ መኪና ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። የብሩክ ስልክ ጮኸ፤ እታለም ናት። አንስቶ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተው።

«የት ደረስክ?»

ብሩክ አፉን ከፈተ። «መጣ—»

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት።

«ጀርመን አደባባይ ቆመናል» አልኳት። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አጠገባችን የቆመው ታክሲ ረዳት ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮክ ብዬ ነው ያልኳት። «አልመጣንም እታለም። ማስቲሽ እንዳትቀቢ።»