ልብስ ሰፊዋ እና እንቅልፋሙ መርማሪ

ሰፈሩ ሁሉ «መርማሪዋ» ብሎ ይጥራት እንጂ ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። በዳቦ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መሀል ባለች ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዚፕ ስትቀይር፣ ሱሪ ስታሳጥር፣ የወፈረ ሰው ኮት ስታሰፋ ኖራለች። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ግን ከክር ይልቅ መጽሐፍ ይበዛዋል፤ አብዛኛው እውነተኛ የወንጀል ታሪክ ነው።

ልብስ ሊያሰፋ የገባ ሰው መጽሐፍ ሳይዝ አይወጣም። ወገቡን ስትለካ ሆዱንም ትለካለች። ለፈሪው ዳቦ ጋጋሪ ማንም የማይሞትበት የማጭበርበር ታሪክ ትመርጥለታለች። ለነርሷ ደግሞ የመርዝ ታሪክ ሰጥታ፣ «አንቺ መድኃኒት ስለምታውቂ ከፖሊሱ ቀድመሽ ትደርሺበታለሽ» ትላታለች።

አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ፣ «ሰው ቁልፍ ሊያስተክል መጥቶ ስለ ሬሳ ይስማ?» እያለች ትነጫነጫለች።

«ታዲያ ቁልፉ እስኪተከል ምን ይሥራ?»

አንድ ቀን ፀጉራቸው የነጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰውዬ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን መጽሐፍ አወረደችላቸው፤ ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ከተማ ስለተዘረፈ የጌጣጌጥ ቤት የተጻፈ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼን ካልወደዱት ያሳጠርኩትን ሱሪ መልሼ አስረዝምልዎታለሁ። መርማሪው ደግሞ እንቅልፋም ነው! ሌባው አፍንጫው ሥር ሲያልፍ እሱ ያንኮራፋል። በሳቅ ነው የሚሞቱት።»

ሰውዬው ፈገግ ብለው መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ መለሱት። ገለጥ ስታደርገው ኅዳጉ በእርሳስ ተጽፎበታል። «በዚያ ቀን ዝናብ አልነበረም።» «በሩ የተከፈተው በቁልፍ ነው እንጂ አልተሰበረም።» መርማሪው ወንበር ላይ ያንቀላፋበት ገጽ ላይ ደግሞ፦ «አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነበር።»

በከንፈሯ የያዘችው መርፌ ወደቀ።

«ጋሼ... እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ ልጄ። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው።»

«ውይ፣ አፌን በቆረጠው!» መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰውዬው ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ተይው። እውነቱን ከነገርኩሽ፣ ትንሽ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም።»

ቅዳሜ ከሰዓት አንባቢዎቿ ሱቋ ውስጥ ይሰበሰባሉና እንዲመጡ ለመነቻቸው። «እኔ ሪፖርት እንጂ ወግ አላውቅም» ቢሉም፣ «ሪፖርቱንም እንሰማዋለን» ብላ ድርቅ አለች። መጡ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ነርሷና ፀጉር አስተካካዩ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

«ሌባውን እንዴት ያዙት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«መጽሐፉ ጥቆማ ደረሰ ይላል። የምን ጥቆማ! ሞኙ ሌባ የሰረቀውን ሐብል ለእህቱ ለሠርጓ ሰጣት። ፎቶ ቤቱ የሙሽራዋን ፎቶ መስኮት ላይ ሰቀለው። እኔ ጫማዬን ላስጠግን በዚያ ሳልፍ ሐብሉ አንገቷ ላይ ቁጭ ብሏል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት ደግሞ አንድ የግድያ መጽሐፍ አወጣችላቸው። ሰውዬው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ እኔ ወንጀል ጠግቤያለሁ። የፍቅር የለሽም?»

አንድም አልነበራትም። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ስትፈትሽ፣ ታናሽ እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ጋ... አንድ ሻንጣ ሙሉ አለ። አልጋዬ ሥር ነው።»

«ምን? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ!»

መርማሪዋ ሳቀች በእርግጥ፤ ግን አቅፋት ነው። በማግስቱ ሁለቱ ሆነው ሻንጣውን ተሸክመው አመጡት፤ ለእህትየዋም ከመደርደሪያው ግማሹ ተለቀቀላት።

አሁን የቅዳሜው ሰው በዝቶ ከዳቦ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ይዋሳሉ። ባለፈው ሳምንት ጡረተኛው ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ አንድ ወፍራም የፍቅር መጽሐፍ ከፍ አድርገው ያዙ።

«መጨረሻው ላይ ይጋባሉ፤ አትስጉ» አሉ። «እስከዚያ ግን ነፍሳችሁን ያወጡታል።»

ዳቦ ጋጋሪው ማንም ሳይቀድመው ዘሎ ተቀበላቸው።